ከጣና ዳር ሮኬት ማወንጨፍ ይቻላልን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትማችን ሳተላይቶችን ወደ ሕዋ ለማድረስ ትንንሽ ሮኬቶችን ስለሚሠሩ ጀማሪ ኩባንያዎች አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ ከባሕር ዳርና ከሐይቁ ዙሪያ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተመሳሳይ ሐሳብ ያነሡትን አጣምረን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን መልስ ሰጥተናል። «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጣና ላይ እንግዶችን በጀልባ የማመላልስ ሰው ነኝ። ወጣቶቹ እንደሚሉት አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሮኬት ለማወንጨፍ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ትመቻለች። ጣና ደግሞ ሰፊ ውኃ ነው፤ ሮኬቱ ቢወድቅ እንኳ ሰው ላይ አይወድቅም። ማወንጨፊያው እዚሁ ቢሠራ ምን ይከለክላል? ቢሠራስ የእኛ ሥራ ምን ይሆናል? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ወጣቶቹ የተናገሩት መሠረት ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን ከልኩ በላይ ተጋንኗል። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር በወገቧ ላይ የቆመ ሮኬት ሞተሩ ሳይነሣ በፊት በሰከንድ 465 ሜትር ያህል ፍጥነት አለው። ባሕር ዳር ከወገቡ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የእርሷ ድርሻ 455 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ በኩል የጎደለብን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሳተላይት በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳይወድቅ እንዲዞር በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር አለበት፤ በነጻ የተገኘው ፍጥነት ከዚህ ውስጥ ከመቶ ስድስት እጅ ብቻ ይሸፍናል። ይህም ቢሆን የሚገኘው ሮኬቱ ወደ ምሥራቅ ሲበር ነው። ማሳን፣ ደንንና ሐይቅን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሳተላይቶች ግን በአብዛኛው ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚያልፍ ምሕዋር (ሳተላይት ምድርን በሚዞርበት መንገድ) ላይ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ቦታ ላይ ባለፉ ቁጥር የፀሐዩ ሰዓት ተመሳሳይ እንዲሆንላቸው ታስቦ ነው። የትንንሽ ሮኬቶች ደንበኞች በብዛት የሚጠይቁት ይህንኑ ምሕዋር ሲሆን፣ ለእርሱ የምድር መሽከርከር በመጠኑ እንቅፋት ይሆናል እንጂ አይረዳም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ማለታችንና አየሩ መሳሳቱም ለሞተሩ ጥቂት ይጠቅመው ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን የቦታ ምርጫን የሚወስን አይደለም።

ዋናው ችግር ሮኬቱ የሚወድቅበት ስፍራ ነው። እርስዎ የሚያስቡት ሮኬቱ ተበላሽቶ ሲወድቅ ነው፤ ነገር ግን ሮኬት በትክክል ሲሠራም ይወድቃል። የመጀመሪያው ክፍል ነዳጁን በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ጨርሶ ይለያይና ከተነሣበት በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ መሬት ይነካል። ከባሕር ዳር በቀጥታ ወደ ምሥራቅ መስመር ቢሰመር ደቡብ ጎንደርንና ወሎን አቋርጦ አፋርን ያልፋል፤ አሳይታ ከዚያው መስመር ላይ ናት፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላም የሚደርሰው ጅቡቲ ከተማ ነው። ከዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የጣና ውኃ ድርሻው እጅግ ጥቂት ነው። ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ቢዞር ከታች ያለው ሰው የሚኖርበት የብስ ነው።

በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ማወንጨፊያዎች በውቅያኖስ ዳር ይሠራሉ። በቀጣናችን ቀድሞ የተሠራውም እንዲሁ ነበር፤ ጣሊያኖች በኬንያ ማሊንዲ አጠገብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በቆመው የሳን ማርኮ መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1988 ድረስ ስካውት በተባለው አነስተኛ የአሜሪካ ሮኬት ዘጠኝ ሳተላይቶችን አምጥቀዋል። በ1970 የመጠቀው ኡሁሩ፣ የኤክስሬይ ሥነ ፈለክን ለማጥናት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት፣ የተነሣው ከዚያ ነው። ጅቡቲም በጥር 2023 በኦቦክ አካባቢ ማወንጨፊያ ለመገንባት ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች፤ የመረጠችው ቦታ የባሕር ጠረፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቻይና ከየብስ መካከል ታስወነጭፍ የለም ወይ የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ የሮኬቶቹ ክፍሎች በሚወድቁባቸው መንደሮች ያሉ ነዋሪዎች ግን አስቀድመው ከቤታቸው እንዲወጡ ይደረጋሉ፤ እንዲያም ሆኖ በቤቶች አጠገብ የወደቀበት ጊዜ አለ። ይህንን ለወሎ ገበሬ ማን ያስረዳዋል?

ስለ ሥራዎ የጠየቁት ተገቢ ነው። ማወንጨፊያ ባለበት ቦታ ሁሉ በማወንጨፊያው ሰዓትና ከዚያ በፊት አካባቢው ለጀልባና ለአውሮፕላን ዝግ ይሆናል፤ ነፋስ ወይም አንዲት የተበላሸች ቫልቭ ቀኑን ስታስተላልፈው መዘጋቱም ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል ሆኖ በተመዘገበ፣ ገዳማቱም ዓሣ አስጋሪዎቹም በሚኖሩበት ሐይቅ ላይ ይህ እንዲሆን አንመክርም።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «ሳተላይቶቻችን ለምን በቻይና ሮኬት ሄዱ? የራሳችን ትንሽ ሮኬት ቢኖረን አይረክስም ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። (ከዘጌ)

መልስ፦ አይረክስም፤ ይህንን በግልጽ ይንገሯቸው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትመጥቅ የሮኬቱ ዋና ጭነት እርሷ አልነበረችም፤ ዋናው ጭነት የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር። ሁለተኛዋም ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የወጣችው በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተዳብላ ነው።

ልዩነቱ በጎርጎራው መርከብና በኮንትራት ጀልባ መካከል እንዳለው ነው። መርከቡ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ቀን ይነሣል፣ በራሱ ወደብ ያወርዳል። ኮንትራቱ ውድ ነው፤ ግን በፈለጉት ሰዓት ፈልገው ወደሄዱበት ደሴት ያደርሳል። በቁጥር ሲታይ፣ የሮኬት ላብ ኩባንያ ኤሌክትሮን የተባለው ትንሽ ሮኬት እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚጭን ሲሆን አንድ በረራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ወደ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ ለአንድ ኪሎ ግራም 25,000 ዶላር ያህል ይደርስ ነበር። የአሜሪካው ኩባንያ ስፔስኤክስ ደግሞ በትልቁ ሮኬቱ ፋልከን 9 የዳበል ጉዞ ሲጀምር ለኪሎ ግራም 5,000 ዶላር ጠየቀ፤ በጥር 2021 በተደረገው የመጀመሪያው ጉዞም 143 ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ አወጣ። የኬንያዋ ታይፋ-1 በሚያዝያ 2023 የወጣችው በዚሁ ዓይነት የዳበል ጉዞ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ሮኬት የሚሸጠው የጊዜና የምሕዋር ምርጫን ነው። ሳተላይቷ ከሌሎቹ ሁሉ በተለየ ከፍታና አቅጣጫ መዞር ካለባት፣ ወይም የሌላ ሰው ጭነት ዘገየ ተብሎ ወራት መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ ደንበኛው አምስት እጥፍ ይከፍላል። አንድ ሁለት ሳተላይት ያላት አገር ግን ለዚያ ምክንያት የላትም፤ ሳተላይቶቻችን በዳበል መሄዳቸውም የሚያሳፍር ሳይሆን ብልህ የሆነ ገንዘብ አያያዝ ነበር።

ጥያቄ፦ ከፖሊ (ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) የተመረቅን ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ሜካኒካል፣ አንዳችን ኤሌክትሪካል አጥንተናል። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነዳጅ የሚያገኝ፣ እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚጭን ሮኬት የሚሠራ ኩባንያ ለመመሥረት አቅደናል፤ እስኪደርስም የራሳችንን ሳተላይት ምስል በተለይ በሐይቁ ላይ ለተንሰራፋው የእንቦጭ አረም ቁጥጥር በመሸጥ ወጪያችንን እንሸፍናለን። ከየት እንጀምር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዕቅዳችሁን በትኩረት አንብበናል፤ መልሳችንም ረዘም ያለው ስላከበርነው ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ስፋት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ኤሌክትሮን ቁመቱ 18 ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሜትር፣ ሲነሣ ክብደቱ 13 ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ ምሕዋር የሚደርሰው ጭነት ከመቶ ሁለት እጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ነጭ ጋዝና ፈሳሽ ኦክስጅን፣ የተረፈውም ታንኩና ሞተሩ ነው። በላይኛው ክፍል ላይ አንድ ኪሎ ግራም ብረት ከጨመራችሁ ከደንበኛው ጭነት ላይ አንድ ኪሎ ግራም ቀነሳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ የሮኬት ኩባንያ ዕድሜውን የሚፈጀው ግራም በመቀነስና የቀነሰው ነገር አለመሰበሩን በመፈተሽ ነው።

ፒተር ቤክ ሮኬት ላብን በኒው ዚላንድ የመሠረተው በ2006 ነው። በ2009 ምሕዋር የማይደርስ ትንሽ ሮኬት ወደ ላይ ላከ፤ ኤሌክትሮን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ግንቦት 2017 ሲሆን፣ ሮኬቱ ደኅና ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ያለው የመረጃ መቀበያ ስለተቋረጠ በትእዛዝ እንዲቋረጥ ተደረገ። ምሕዋር የደረሰው ጥር 2018 ነው። የስፔስኤክስ ፋልከን 1 ደግሞ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከሸፈ። የመጀመሪያው የባሕር ጨው በበላት አንዲት የአሉሚኒየም ዳዶ ምክንያት ነዳጅ ፈስሶ በመቃጠሉ፣ ሁለተኛው ነዳጁ በታንኩ ውስጥ በመዋለሉ፣ ሦስተኛው ከተለያየ በኋላ የታችኛው ክፍል በቀረችው ጥቂት ግፊት የላይኛውን መልሶ በመግጨቱ ነበር። አራተኛው መስከረም 2008 ላይ ተሳካ፤ ያ ባይሳካ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ቨርጂን ኦርቢት የተባለው የሮኬት ኩባንያ ግን ዕድሉን አላገኘም። በጥር 2023 ከእንግሊዝ ባደረገው በረራ አንዲት የነዳጅ ማጣሪያ ከቦታዋ በመውጣቷ ሮኬቱ ጠፋ፤ በሚያዝያ ኩባንያው የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚያ በፊት በተከታታይ አራት ጊዜ ምሕዋር የደረሰ ኩባንያ እንደነበር አትርሱ። እንግዲህ የገንዘብ ዕቅዳችሁ ሁለት ሦስት ሮኬት ቢጠፋ ቀጣዩን መሥራት የሚያስችል ካልሆነ ዕቅድ አይባልም።

ሞተሩን በሚመለከት ያቀረባችሁት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሐሳብ ጥሩ ነው። ነዳጁንና ኦክስጅኑን ወደ ማቃጠያው በከፍተኛ ግፊት የሚያስገባው ፓምፕ በተለምዶ የሚሽከረከረው በጋለ ጋዝ በሚዞር ተርባይን ነው፤ ከሮኬት ክፍሎች ሁሉ ለመሥራት አስቸጋሪው ይኸው ነው። ሮኬት ላብ ራዘርፎርድ በተባለው ሞተሩ ተርባይኑን ትቶ ፓምፖቹን በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር አዞራቸው፤ ዋና ዋና ክፍሎቹንም በባለሦስት ገጽታ ማተሚያ አተማቸው። ዋጋው የባትሪው ክብደት ነው፤ በዚህም ምክንያት የላይኛው ክፍል ያለቁ ባትሪዎችን በበረራ መካከል አራግፎ ይጥላል። ለትንሽ ሮኬት ሒሳቡ ያዋጣል፤ ሮኬቱ እየተለቀ ሲሄድ ግን ባትሪው ይከብዳል። ከእናንተ ሁለቱ ሜካኒካል አንዱ ኤሌክትሪካል መሆናችሁ ለዚህ የተመቸ ነው።

ችግሩ ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። በሆስፒታሎች በሲሊንደር ታሽጎ የሚታየው ጋዝ ነው፤ ለሮኬት የሚያስፈልገው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሲሆን፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረች ጥቂት ቅባት እንኳ ልትፈነዳ ትችላለች። ከሰፈር የራቀ የመፈተሻ ሜዳ፣ የግንብ መከላከያና ከርቀት የሚታዘዝ ቫልቭ ሳይኖር አንዲት ሞተር እንኳ አትለኩሱ።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ከምሕዋር አትጀምሩ። 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደርሶ ለሚመለስ የምርምር ሮኬት በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይበቃዋል፤ ከምሕዋሩ ጋር ሲነጻጸር ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚያስፈልገው ጉልበት በሃያ አምስት እጥፍ ያንሳል። ለዚህ ዓይነቱ ሮኬት ደግሞ አገራችን ከብዙዎች የማይገኝ ነገር አላት። የምድር የማግኔት ወገብ (የማግኔት መስኳ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በእርሱም አቅጣጫ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይጓዛል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራ የሚያጠናው የላይኛው አየር ይኸው ነው። ከፍታው ለፊኛ በጣም ሩቅ፣ ለሳተላይት በጣም ቅርብ ስለሆነ በመሣሪያ ሊነካው የሚችል ሮኬት ብቻ ነው። ሕንድ የሕዋ ሥራዋን የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በኬራላ የምትገኘውን የቱምባን የዓሣ አስጋሪዎች መንደር የመረጠችው ለማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሲሆን፣ ኅዳር 1963 የተነሣችው የመጀመሪያዋ ሮኬት ምሕዋር የምትደርስ አልነበረችም። ፖሊ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ የሕንዱ ጀማሪ ኩባንያ ስካይሩት እንኳ በኅዳር 2022 መጀመሪያ ያበረራት ቪክራም-ኤስ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታ የተመለሰች ነበረች፤ የተነሣችውም ከመንግሥት ማወንጨፊያ ነው።

የእንቦጩ ምስል ሽያጭ ግን ከዕቅዳችሁ ቢወጣ ይሻላል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ጣናን በየአምስት ቀኑ ያህል ያነሣል፤ እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር የሚሸፍነው ምስሉም ለማንም በነጻ ይሰጣል። በክረምት ደመናው ሲሸፍነው በደመና ውስጥ የሚያየው የሴንቲኔል-1 ራዳር አለ፤ እርሱም በነጻ ነው። ነጻ ከሆነ ነገር ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም። የሚሸጥ ነገር ካለ እንቦጩ በየትኛው ነፋስ ወደየትኛው ቀበሌ ዳርቻ እንደሚገፋ ከምስሉ አንብቦ ለደንቢያና ለሊቦ ገበሬ በወቅቱ ማድረስ ነው፤ ለዚህ ሮኬት አያስፈልግም።

እጃችሁን በእውነተኛ የሕዋ ሥራ ለማፍታታት ከፈለጋችሁ በእያንዳንዱ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር በሆነችው ትንሽ ሳተላይት፣ በኪዩብሳት ጀምሩ። የጋናው ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጃፓን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአገራቸውን የመጀመሪያ ሳተላይት በ2017 ያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ሮኬት ለሚሠራ ሰው የሳተላይት ሠሪን ጭንቀት ማወቅ ደንበኛውን ማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ የግል ኩባንያ ሮኬት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት ይችላል? ከጦር መሣሪያ በምን ይለያል? (ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

መልስ፦ በአሠራሩ ከባሊስቲክ ሚሳይል ብዙም አይለይም፤ ጭነቱና የሚበርበት መስመር እንጂ ሞተሩና መሪው መሣሪያ አንድ ዓይነት ናቸው። በ1987 የተመሠረተው የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት አባል አገሮች 500 ኪሎ ግራም ጭኖ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚችል ሮኬት ሙሉ ሥርዓት ለሌላ አገር እንዳይሰጥ አጥብቀው ይከላከላሉ፤ ለትንንሾቹም ቢሆን መሪ መሣሪያና ልዩ ቁሳቁስ ሲገዛ ጥያቄው ብዙ ነው። በ1967ቱ የሕዋ ውል መሠረት ደግሞ የግል ኩባንያ ለሚሠራው ሥራ ኃላፊው መንግሥት ነው፤ ሮኬቱ በሌላ አገር ላይ ጉዳት ቢያደርስ የሚጠየቀውም መንግሥት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ በንግድ ፈቃድ ብቻ የሚጀመር አይደለም፤ ማንኛውም ወጣት ብረት ከመግዛቱ በፊት የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትንና የጸጥታ አካላትን በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከኢንተርኔት አይቶ በጓሮ ሮኬት ልሥራ እያለ ከማዳበሪያና ከስኳር ጋር ይታገላል። ልከልክለው ወይስ ልተወው? (ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ)

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ማዳበሪያውንና ስኳሩን ዛሬውኑ ይውሰዱበት። እንዲህ ያለ ድብልቅ ሲሞቅም ሲታሸግም ሊፈነዳ ይችላል፤ በዓለም ላይ እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ፍላጎቱን ግን አይውሰዱበት። የለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሩቡን ውኃ ሞልቶ በቡሽ በመድፈን በብስክሌት ጎማ መንፊያ አየር ቢያስገባበት፣ ውኃው ወደ ታች ሲወረወር ጠርሙሱ ወደ ላይ ይመነጠቃል። ጠርሙሱ የተሰነጠቀ ወይም ያረጀ እንዳይሆን፣ ሲነፋም ማንም አጎንብሶ እንዳያየውና ራሱም በረጅም ቱቦ ርቆ እንዲቆም ያድርጉ፤ ቦታውም ከመንገድና ከቤት የራቀ ሜዳ ይሁን። ውኃውን በየጊዜው እየለዋወጠ፣ ባዶውን ጠርሙስና ውኃውን በሚዛን እየለካ፣ የወጣበትን ከፍታ በደብተር ይመዝግብ፤ ከላይ ለፖሊ ተመራቂዎቹ የተነገረው የክብደት ሒሳብ በዚያች ጠርሙስ ውስጥም ይታያል። መዝግቦ ከጨረሰ ለፊዚክስ መምህሩ ያሳያቸው።